መይሙና ውሃ ማፍሰስ ያቆመችበት ጠዋት

ቆቦ ውስጥ መይሙናን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ደጁ ላይ ሊያያት የሚፈልግ ግን አልነበረም። ገበያ ላይ ማሽላ ስትሸምት ሰላም ይሏታል፣ ልጃቸውን ሲድሩም ይጠሯታል። ባልታሰበ ጠዋት ነጭ ሻሿን ጠምጥማ፣ የቁርቁራ ቅጠል የታጨቀበትን ዘንቢል ብብቷ ስር ሸጉጣ ወደ አንድ ግቢ ስታመራ ከታየች ግን ሰፈሩ በሙሉ ቀጥ ይላል። የሴት ሬሳ አጣቢ ነበረች። ሥራውን ከእናቷ ተምራው፣ እናቷ ስትደክም ተረክባው፣ ባሏም ልጅ ሳያስቀርላት ከሞተ በኋላ ይዛው የቀረችው እሱኑ ነው። የቁርቁራውን ቅጠል ወቅጣ ውሃው ውስጥ ትበጠብጣለች፣ ቢስሚላህ ብላ ከቀኝ ጎን ትጀምራለች፣ የሟቿን ገላ ለማንም ሳታጋልጥ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ከፍና ትሰጣለች። የሰው ገመና ያየች ሴት ስለሆነች አፏ ቁጥብ ነበር።

ለዚህ ሥራዋ ማንም አይከፍላትም። የቅሬ ሥራ ነው። በቆቦና በዙሪያዋ ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለሐዘንተኛው ቤት እህልና እንጨት ይዞ የሚሄድ የጎረቤት ማኅበር ነው። ትርፍ የለው፣ ደመወዝተኛ የለው። የመይሙና ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ ነበር። ማጠቡና መገነዙ፣ ጸሎቱና ዱዓው በየሃይማኖቱ ይሆናል፤ ቁፋሮውና ሸክሙ ግን የሁሉም ነው። ዳኛው አያ በላቸው የሚባሉ ክርስቲያን ገበሬ ነበሩ፤ ትከሻቸው ከቃሬዛ ብዛት ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። ሙስሊም ሲሞት ዶማውን ቀድመው የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልጉም ክረምቱም ከዳ። የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ጠልፎ ማሽላ የሚያበቅል ነው፤ በዚያ ዓመት የሚጠለፍ ጎርፍ አልመጣም። መጀመሪያ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ። ቀጥሎ ሰው መንገዱን ያዘ። ከላስታ ደጋ የሚወርደው፣ ከታች ከቆላው የሚወጣው፣ ከትግራይ በኩል የሚመጣው ሁሉ ዋናው አውራ ጎዳና ላይ ይገናኛል። ከሮቢት እስከ ቆቦ የመንገዱ ዳርና ዳር የሰው መኝታ ሆነ። ገሚሱ እህል አለ ወደተባለበት ይሄዳል፣ ገሚሱ ባዶ እጁን ከዚያው ይመለሳል፣ መሄድም መመለስም ያቃተው ቁጭ ካለበት አይነሳም።

የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ሲሞቱ ቅሬው ተሰብስቦ መከረ። አባል አይደሉም፤ ዘመድ የላቸውም፤ ደንቡ ስለነሱ የሚለው ነገር የለም። አያ በላቸው ግን ነገሩን አላስረዘሙትም፤ ባለቤት የሌለው ሬሳ የቅሬ ሬሳ ነው ብለው ቃሬዛውን አስነሱ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሸካሚዎች ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣሉ። ሟቹን አገላብጠው አንገቱን ያያሉ፤ ማተብ ያለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ማተብ የሌለው ወደ ሙስሊሙ መቃብር ይሄዳል። ከሌላው ሰው ሃይማኖቱን የሚያውቅለት ሲገኝ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን አጠገቡ የተኛውም መናገር አይችልም። መግነዣ ጨርቅ አለቀ። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሬሳው በለበሰው ቡትቶ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባ ጀመር። በሙስሊሙ በኩል የወንዶቹ አጣቢ ራሱ በሕመም ወድቆ ወንዶቹ በጥድፊያ፣ አንዳንዴም ሳይታጠቡ ይቀበራሉ። መይሙና ብቻ በእልህ ሁሉንም ሴት አጥባለሁ ብላ ቀረች። ከፈን ሲጠፋ ነጠላ፣ ነጠላ ሲጠፋ የራሷን የአልጋ ልብስ ቀደደች። ውሃ ግን ማንም አይከለክለኝም ትል ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት መጨረሻ ከተማው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ በእንጨትና በቀይ ጨርቅ የተሠራ ቅስት ቆመ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወጣት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ፣ መይሙና እናቱን አጥባ የቀበረችለት። እሱ አያ በላቸውን ጠርቶ ከበላይ የመጣውን ትእዛዝ ነገራቸው፦ እንግዶች በዚህ መንገድ ያልፋሉ፣ ስለዚህ መንገዱ ላይ አንድም የወደቀ ሰው መታየት የለበትም፤ ቅሬው ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ፀሐይ ሳይበረታ ያጽዳ። አያ በላቸው ድምፃቸውን ቀንሰው ቅሬ የሚያነሳው የሞተውን ነው አሉት። እሱም እኔስ ምን አልኩ ብሎ ተለያዩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ጥድፊያ ሆነ። ሸካሚዎቹ ራሳቸው የተራቡ ናቸው፤ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው፣ የቀበሌ ጥበቃም ከኋላ ሳይነዳቸው ለመጨረስ ይጣደፋሉ። ድሮ አንድ ሰው ሞተ ሲባል ትንፋሹ ይዳመጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ በመካከሉ ሰዓታት ያልፋሉ። አሁን እዚያው ወድቆ ያልተነሳ፣ ሲነኩት የቀዘቀዘ፣ ሲጠሩት ዝም ያለ ሁሉ ይነሳል። ይህን ለክፋት ያደረገው ሰው አልነበረም። መይሙናም ቢሆን ሬሳው ግቢዋ ከገባ በኋላ ስለ አመጣጡ አትጠይቅም፤ የሷ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በዓሉ ሲቃረብ አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ አመጡላት። ሌሊቱን ዝናብ አልባ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነፍስ አድሮ ነበር። ልጅቷ ጥርሷን የቀየረች ብትሆን ነው፤ ክብደቷ ግን የሕፃን ያህል ነው። አንገቷ ላይ ማተብ የለም። ስለዚህ ወደ መይሙና መጣች። ጎረቤቷ ራቢዓ እንደ ልማዷ ውሃ ልታቀብል መጥታ እንስራውን ይዛ ቆመች። ልጅቷን በእንጨት አልጋው ላይ አጋደሟት። መይሙና ቡትቶውን አውልቃ በሻሽ ሸፈነቻት፣ ቢስሚላህ አለች፣ በጣሳው ቀዳችና የልጅቷን ራስ በግራ እጇ ደግፋ ውሃውን ከግንባሯ ጀምራ ቀስ እያደረገች ማፍሰስ ጀመረች።

ውሃው በአፍንጫዋ ጎንና ጎን ወርዶ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መይሙና የውሃው ግፊት መሰላት። ሬሳ ሲታጠብ እጅ ይወርዳል፣ መንጋጋ ይከፈታል፤ ለሷ አዲስ አይደለም። ደግማ አፈሰሰች። ያን ጊዜ የደረቀች ጠባብ ምላስ ከከንፈሮቹ መካከል ወጣችና ውሃውን ላሰች።

መይሙና ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ኋላ ስለዚያች ቅጽበት ስትጠየቅ ምንም አላሰብኩም ትል ነበር፤ ውሃው ከጣሳው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ምላሷ እየተከተለ ሲልሰው ብቻ ነው ያየሁ። ራቢዓ እንስራውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እዚያው እንስራው አጠገብ ቁጭ አለች።

“ራቢዓ፣ አየሽ?” አለች መይሙና።

“አየሁ” አለች ራቢዓ።

ለልጅቷ ከፈን ተብሎ የተዘጋጀው ጨርቅ አልጋው ግርጌ ታጥፎ ነበር። መይሙና አነሳችውና በሱው ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አጣብቃ ወደ ቤት ሮጠች። መደቡ ላይ ደገፍ አድርጋ እሳት አነደደች። ራቢዓ ደግሞ ተነስታ ጤና ጣቢያ ሄደችና አላምረውን ይዛ መጣች። አላምረው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጤና ረዳት ነው፤ መድኃኒቱ ካለቀ ብዙ ጊዜ ሆኖት ባዶ ክፍል ውስጥ ይውል ነበር። የልጅቷን ደረት አዳመጠ። ጆሮውን አንስቶ መይሙናን አያት፣ መልሶ አዳመጠ። ማን ነው ሞተች ያለው ብሎ ጠየቀ። ስኳር ካገኛችሁ በፈላ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ፣ በማንኪያ ጫፍ ብቻ አጠጧት፤ ብዙ ከሰጣችኋት ትሞታለች አለ። ስኳር ከየት ይምጣ። ራቢዓ ሰፈሩን አዳርሳ በወረቀት የተቋጠረች አገኘች።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ጣሪያውን አየች። ቀጥላ መይሙናን። ድምፅዋ ከመሳሳቱ የተነሳ መይሙና ጆሮዋን አፏ ላይ አስጠግታ ነው የሰማችው። ያለችው “እናቴስ?” ነበር።

እናትሽ የት ነበረች ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አብራኝ ተኝታ ነበር አለች። ቆይታ ቆይታ፣ እየደከማት፣ ምልክቷን ተናገረች፦ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች፣ ጸጉሯን ለሐዘን የተላጨች። ሌሊት ሲበርዳቸው እናትየው አቅፋት ነበር።

መይሙና ገባት። አብረው ተኝተው ከነበረ አብረው ተነስተዋል። ልጅቷ ማተብ ስለሌላት ወደዚህ መጣች። እናትየው ማተብ ካላት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳለች። እዚህ ውሃ ይፈሳል። እዚያ በቀጥታ ጉድጓድ ነው።

ሻሿን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች። የቆቦ ሰው መይሙና ስትሮጥ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። አላምረው ከኋላ ተከተላት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስትደርስ አያ በላቸው ከሁለት ወጣቶች ጋር ዶማቸውን ጥለው ጥላ ስር አረፍ ብለዋል። ጉድጓዱ ተዘግቶ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር።

“አያ በላቸው፣ ክፈቱት” አለቻቸው።

ምን እንደምትል አልገባቸውም። ትንፋሿን ሰብስባ የሆነውን ነገረቻቸው፦ የላካችሁልኝ ልጅ አለች፤ ቤቴ እሳት ዳር ናት፤ ውሃ እየጠጣች እናቴስ ትላለች። አያ በላቸው ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ ደም አልቀረም። ቄሱ ሰምተው መጡ። የተቀበረ አይወጣም የሚል ሰው ይኖራል ብላ መይሙና ፈርታ ነበር፤ ቄሱ ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቀድመው በእጃቸው አፈሩን መጫር ጀመሩ።

በዶማ እንዳይመቱ ፈርተው በእጅ ነው የቆፈሩት። ሲደርሱባቸው አንድ በአንድ ያወጧቸውና አላምረው ተንበርክኮ ደረታቸውን ያዳምጣል፣ የዓይን ቆባቸውን ይገልጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰችው ከሥር ነበረች። መይሙና ወደ ጉድጓዱ ወርዳ ራሷ ያዘቻት። ክንዷ እንዳቀፈ ደርቆ ቀርቷል፤ ልጅቷን ከውስጡ ያወጧት ሸካሚዎች መልሰው እንዳላስተካከሉት ግልጽ ነው። ሌሊቱን ነው የሞተችው፤ ምናልባትም ከምሽቱ። መይሙና ይህን እጇ ነገራት፤ አላምረውም አዳምጦ ያንኑ ተናገረ።

ሁሉም ሞተው ነበር። አያ በላቸው ተመስገን ብለው ቁጭ አሉ። ሰው ሞቶ በመገኘቱ ተመስገን ማለታቸውን ራሳቸው ሲሰሙት ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ ለመይሙና ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ዛሬስ ይሁን” አሉ። “ከትናንት ወዲያ አንዱን በትከሻዬ ስሸከም ሞቆኝ ነበር። ፀሐይ ያሞቀው መስሎኝ አለፍኩ።”

የዚያን ቀን ሙታኑን ጎን ለጎን አጋድመው፣ ቄሱ ፍትሐቱን ከመጀመሪያው አድርሰው፣ እንደገና ቀበሯቸው። እናትየውን መይሙና የራሷን ሻሽ አልብሳ አስቀበረቻት። ባዶ ራሷን፣ እጇ እስከ ክርኗ አፈር ሆኖ ከተማውን አቋርጣ ስትመለስ ያዩዋት ሰዎች አበደች ብለው አወሩ።

ቅሬው በማግስቱ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ሾላ ስር ተሰበሰበ። ወሬው ሁሉም ጋ ደርሶ ስለነበር እንደ ሌላው ጊዜ የሚንጫጫ አልነበረም። ሰው ከመሬት ዓይኑን አያነሳም። እያንዳንዱ በየልቡ የተሸከመውን ይቆጥር ነበር፤ ያ ከብዶኝ የነበረው፣ ያ ያቃሰተ የመሰለኝ እያለ። በስብሰባ ሴት የማትናገርበት ማኅበር ነበር፤ ያን ቀን ግን አያ በላቸው ሌላ ነገር ሳይሉ መይሙናን ተነሽ አሏት። እሷም ረጅም ነገር አልተናገረችም። በሕይወት ያለ ሰው እንዳላጥብ ፈርቻለሁ፤ ስለዚህ ካሁን በኋላ አንድ ሰው ሞቷል ተብሎ ጥላ ስር ሳያድር፣ ሰው ሲጠብቀው ሳይውል ወደኔ ከመጣ አልቀበልም። መንገድ ላይ የወደቀውን ሳይሞት የሚያነሳ ከሌለም እኔ ለቅሬው አልሠራም፤ አለችና ተቀመጠች።

የከበደው የመጨረሻው ነበር። ሳይሞት ማንሳት ማለት ማብላት ማለት ነው። ቅሬው ለለቅሶ ቤት የሚሆን ማሽላ በጋራ አስቀምጦ ነበር፤ ያን ዓመት ከአባላቱ ጎተራ ይልቅ እሱ ይሻል ነበር። ሰላሁዲን የሚባል፣ ከአፋር ጨው እያመጣ የሚነግድ አባል ተነስቶ ተቃወመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከልጆቹ ሁለቱን ያን ሰሞን ቀብሯል።

“ቅሬ የሙት ነው” አለ። “ለዚህ ነው የተቋቋመው። የኔ ልጆች ሲቀበሩ የመጣው ንፍሮ ከዚያ ጎተራ ነው የወጣ። ነገ የናንተ ሲሆን በባዶ ድንኳን ልትቀመጡ ነው?”

ያለው እውነት ነበር። አያ በላቸው ድምፃቸውን አወረዱ። “በባዶው ልቀመጥ” አሉ። “ለኔ ለቅሶ ንፍሮ አይቅረብ። ሌላ እንደኔ የሚል ካለ እጁን ያንሳ።” ቄሱ አነሱ። ራቢዓ ከሴቶቹ መካከል አነሳች። ሌሎቹ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ አነሳ። ሰላሁዲን እጁን አላነሳም፤ ግን በነጋታው ጨው የሚጭንበትን ግመል ማገዶ ጭኖ መይሙና ግቢ አራገፈ።

የለቅሶው ድንኳን አውራ ጎዳናው ዳር ተተከለ። ለለቅሶ ብለው ከገዙት ወዲህ ሕያው ሰው ሊተኛበት ሲገባ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። የለቅሶ ቤት ድስቶች ወጡ፤ ሴቶቹ ቀጭን የማሽላ ሙቅ ያንቆረቁራሉ፣ አላምረው አቅሙ የደከመውን በማንኪያ፣ ትንሽ የሚሻለውን በጣሳ እያለ ይለያል። ሸካሚዎቹ ጠዋት ጠዋት በቃሬዛው የሚያመጡት ሰው አሁን የሚተነፍስ ነበር። ቃሬዛውን ሲያዩ የሚሸሹ፣ መሬት ጨብጠው አልሄድም የሚሉ ነበሩ፤ ቃሬዛ ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃልና። ሞቷል የተባለም በጥላው ስር ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይቆያል። ብዙዎቹ ሞተዋል። የማይነቁ እንደሆኑ እየታወቀም ይጠበቃሉ። በዚያ ጥበቃ የነቃ አለ ወይ ቢባል አንድ ሽማግሌ ነቅቷል፤ ነቅቶም ሦስተኛ ቀን ሳይሞላው ሞተ። ራቢዓ ያን ቀን ለምን ደከምን ብላ አለቀሰች። መይሙና ግን ሲሞት እጁን ይዤው ነበር አለቻት።

በዓሉ ሊደርስ ሲል ሊቀ መንበሩ መጣ። ድንኳኑን ከሩቅ አይቶ ተቆጥቶ ነበር የመጣው፤ አውራ ጎዳና ዳር፣ ያውም ከቅስቱ አጠገብ። ዛሬውኑ ይነሳ፣ እንግዶቹ ነገ ያልፋሉ፣ ይህን ቢያዩ እኔንም እናንተንም የሚጠብቀንን ታውቃላችሁ አለ። መይሙና አልተከራከረችም። እጁን ይዛ እንደ ልጅ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ልጅቷ እሳቱ ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ስሟ ከፈለች መሆኑን ተናግራለች፣ ጣሳ በሁለት እጇ መያዝ ጀምራለች።

“ይቺን ነው መንገድ ስናጸዳ ያነሳናት” አለችው። “ገላዋን ላጥብ ውሃ ሳፈስባት ጠጣችው።”

ሊቀ መንበሩ የሚቀመጥበት ፈለገ። ካኪ ኮቱን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ከፈተው። እናቱን ያጠቡለት እነዚያው እጆች ናቸው፤ ያን ያሰበ ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል። በመጨረሻ ድንኳኑ ነገ አይታይ፤ ሰዎቹን የት እንደምታስገቡ ግን እኔ አልጠየቅኩም፣ እናንተም አልነገራችሁኝም ብሎ ወጣ።

ያን ማታ የቅሬው አባል ሁሉ ከድንኳኑ ሰው እየተካፈለ ወደ ቤቱ ወሰደ። በግ እንደሚካፈሉ አይደለም፤ ተሸክመው፣ ደግፈው፣ አንዳንዱን በግመል ጭነው ነው። ለራሱ ልጆች የሚያበላው የሌለው ሰው የማያውቀውን ሰው መደቡ ላይ አስተኛ። በማግስቱ የቆቦ ሕዝብ ባንዲራ ይዞ ቅስቱ ስር ተሰለፈ። መኪኖቹ መጡ። መስኮታቸው ተዘግቶ ነበር። አቧራ አስነስተው፣ ሳያዘግሙ፣ አንዱም ሳይቆም ወደ ሰሜን አለፉ። መይሙና ከሰልፉ መካከል ነበረች። ለዚህ ነው አለች በልቧ፤ አቧራው ከሰው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ለዚህች ለዓይን ጥቅሻ ለማትሞላ ነገር ነው ያን ሁሉ ሰው ነፍሱ ሳትወጣ ያነሳነው።

ድንኳኑ ከበዓሉ በኋላ ተመልሶ ተተከለ፤ ወደየቤቱ ተወስደው የነበሩት ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም፣ የወሰዷቸው ሰዎች እዚሁ ይቆዩ እያሉ አስቀሯቸው። ጥቅምት አልፎ ዓለም ወሬውን ከሰማ በኋላ የውጭ እርዳታ ድርጅት ካምዮኖች መጡ። የቆርቆሮ መጠለያ ተሠራ፣ ዱቄትና ዘይት ወረደ፣ ነርሶች መጡ። ድርጅቱ ቅሬውን እንደ እርዳታ ኮሚቴ ቆጥሮ ተራ እንዲያስከብርለትና ደካማውን እንዲጠቁመው ጠየቀ፤ አያ በላቸውም እሺ አሉ። መይሙናን በደመወዝ ሊቀጥሯት ፈልገው ነበር። እሷ ለልጅቷ ለከፈለች የሚሰፈረውን ዱቄት ብቻ ወስዳ ሥራውን እንደ ድሮው ያለ ደመወዝ ልሥራ አለች። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ ተቀጣሪ ከሆንኩ አንድ ቀን ሥራው አለቀ ትሉኛላችሁ ብላ መለሰች። ከፈለችን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ በቄሱ እጅ አዲስ ማተብ አሳሰረችላት፤ ጁምዓ ጁምዓ ራሷ መስጊድ ትሄዳለች፣ እሑድ ልጅቷን አጥባ ለቤተ ክርስቲያን ትሸኛለች። ስለ እናቷ አቀባበር ግን ልጅቷ አድጋ እስክትጠይቃት ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ዝናብ ተመልሶ፣ መጠለያው ፈርሶ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ካምዮኖች ሌላ አገር ከሄዱ በኋላ ቅሬው ስለ ደንቡ ተነጋገረ። አንዳንዱ ወደ ድሮው እንመለስ፣ ሙታን ቀብረን እንረፍ አለ። የተስማሙት ግን አባል ሲታመም፣ ገና ሳይሞት፣ ቅሬው ሰው ይልካል በሚለው ነው። የሚላከውም የቅሬው ሰው ሁሉ በየተራው ሆነ። መጀመሪያ በወባ የወደቀችው ደመቀች የምትባል ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ነበረች፤ ተራው ደግሞ የመይሙና።

ደመቀች በሯ ሲንኳኳ ከመኝታዋ ቀና አለች። ነጭ ሻሽ ያሰረችውን መይሙናን በሩ ላይ ስታይ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

“ገና ነኝ እኮ መይሙና” አለቻት፤ ድምፅዋ ይርበተበት ነበር።

“አውቃለሁ እቴ፣ ለሱ አይደለም የመጣሁ” አለችና መይሙና ሾርባውን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ደመቀች ግን የዚያን ቀን ሾርባውን የጠጣችው ዓይኗን ከመይሙና እጅ ላይ ሳትነቅል ነው።